ምራቂ የማያውቅ ሚዛን

«ለእርስዎ ምቾት ሲባል» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ካየሁ ወዲያውኑ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ምን ወሰዱብኝ ብዬ ነው። አንድ ነገር ሳይወስዱማ እንዲህ ያለ ወረቀት አይለጥፉም።

ባለፈው እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ ቢሮ ጉዳይ ነበረኝ። ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም ተራ ሲጠብቁ የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ብፈልገው የለም። ግድግዳው ላይ «ለተገልጋዮች ምቾት ሲባል የመጠበቂያ ቦታው እንዲሰፋ ተደርጓል» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፣ ሰፍቷል። እንደ ልባችን ቆምን።

«የዋጋ ማስተካከያ» የሚባለውስ? ዘይት ተስተካከለ፣ ስኳር ተስተካከለ፣ ሳሙና ተስተካከለ ይሉናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር የማውቀው ማስተካከል ጉብታውን ዝቅ፣ ጉድጓዱን ሞላ ማድረግ ነው። ተስተካክሎ የወረደ ዋጋ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ሻይ እጋብዘዋለሁ። ሻዩም ተስተካክሏል፣ ግን ግድ የለም።

ከዚህ ሁሉ ወደ ገሳይ የሚመላለሰው ሚኒባስ ረዳት ይሻለኛል። ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራተኛ ሲጨምር «ጠጋ በሉ፣ ትርፍ ነው፣ ምን ላድርግ» ይላል። እንደ ጭድ ያጭቀኛል፣ ግን አይዋሸኝም። «የተሳፋሪዎችን መቀራረብ እያሳደግን ነው» ብሎኝ አያውቅም። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ሄጄ እንኳ ስወርድ አመስግኜው እወርዳለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። እኔን ዛሬ ያስነሳኝ ግን ወንበሩም ዘይቱም አይደለም፤ የአክስቴ የእትየ የሻረግ ጉዳይ ነው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከመናኸሪያው ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ሲሉ አንድ የድሮ ሱቅ ነበር። ባንኮኒው እንጨት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ ትርንጎ። ትርንጎ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ሹል ነው፣ እጇ ግን ለጋስ። ዓርብ ቀን ብስኩት ስጠይቃት «ወተት አለበት፣ ይቅርብዎ» ትለኛለች። ምስር ስትመዝን ደግሞ ሚዛኑ ልክ ሲመጣ እጇን ወደ ከረጢቱ ትመልስና አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ምራቂ ነው።

ምራቂን ለማያውቅ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? በእኛ አገር ሚዛን ብቻውን ሸጦ አያውቅም። ሚዛኑ የራሱን ይናገራል፣ ከዚያ እጅ ይጨምራል። ጤፍም ይሁን ገብስ፣ ጨውም ይሁን በርበሬ፣ ሳይመረቅለት የሄደ ገዢ ከሻጩ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው። ሳይመርቅ የሸጠ ደግሞ ስሙ ገበያውን ሁሉ ይዞራል፤ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እንግዲህ ይህን ሱቅ ከባሕር ዳር የመጣ ድርጅት ወሰደው። ባንኮኒው ተነቀለ፣ መስተዋት ተገጠመ፣ ትርንጎ ጠፋች። አዲሱ ኃላፊ ናትናኤል የሚባል ከሲታ ወጣት ነው፤ ትሁት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ደረቱ ላይ «የደንበኞች ደስታ መሪ» የሚል ተለጥፎበታል። ትርንጎስ ብለን ጠየቅነው። ለአዳዲስ ዕድሎች ተሸኝታለች አለን። እትየ የሻረግ ይህን ሲሰሙ ባል አግኝታለች ወይም ውጭ አገር ሄዳለች ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። በማግስቱ አዲሱን ዕድል መናኸሪያው በር ላይ አገኘነው። ትርንጎ መሬት ላይ ጆንያ አንጥፋ ሎሚ ትሸጣለች።

በትርንጎ ቦታ ሁለት ነገር ቆመ። አንዱ ገዢው ራሱ መዝኖ ወረቀት የሚያወጣበት ሚዛን ነው። ሌላው በር ላይ የተተከለ ማሽን፤ ዕቃውን እያነበበ፣ ሳህኑ ላይ እየመዘነ፣ በሴት ድምፅ አማርኛ እየተናገረ ሒሳብ በስልክ የሚቀበል። ከበላዩ «ራስዎን የማስተናገድ ነፃነት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ልብ በሉልኝ። ዕቃውን እኔ አወርዳለሁ፣ እኔ እመዝናለሁ፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ እኔ ሒሳብ እሠራለሁ፣ እኔ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ። ትርንጎ ይህንኑ ስታደርግ ሥራ ነበር የሚባለው። እኔ ሳደርገው ነፃነት ሆነ። ዓርብ ቀን የወተት ብስኩት ሳላውቅ ሳነሳም ማሽኗ ይቅርብዎ አላለችኝም፤ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ብላ ጾሜን አስገደፈችኝ።

የኔታ የገጠማቸውን ደግሞ ስሙ። የኔታ የሰፈራችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ የእትየ የሻረግ የማርያም ማኅበርም አባት። ሻማ ሊገዙ ገብተው ማሽኗ ፊት ሲቆሙ «እንኳን ደህና መጡ» አለቻቸው። የኔታ ሰላምታ ነፍገው አያውቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ እያሉ ጀመሩ። እሷ መልስ አትሰጥም። ጥቂት ቆይታ የቆመ ሰው ያለ አልመሰላትምና «እንኳን ደህና መጡ» ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች። የኔታ አልሰማችኝም ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታውን ደገሙት። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል፤ ግን የሽማግሌ ሰላምታ የሚያቋርጥ ማን ነው? በመጨረሻ የኔታ ወደ ናትናኤል ዞር ብለው፣ ልጅቱ ጨዋ ናት፣ አሳዳጊ አልበደላትም፣ ጆሮዋን ግን ጠበል አስነኳት አሉት። ሻማውን ሳይገዙ ወጡ።

በዚህ ስንስቅ ነበር። ሳቃችን ብዙ አልቆየም።

የዚያን ወር የማኅበሩ ጽዋ እትየ የሻረግ ቤት ነበር። ማኅበርተኛው ለማርያም እሳቸው ቤት ሊሰበሰብ ነው፣ ወሩ ደግሞ ጾም ነው፣ ምስር ያስፈልጋል። በስልክ መክፈል ስለማይችሉ እኔን አስከትለው ሄዱ። ምስሩን ከሣጥኑ ዘገኑ፣ መዘኑ፣ ሚዛኑ ወረቀቷን አወጣ፣ እኔ ለጠፍኩ። ከዚያ እትየ የሻረግ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ መልሰው አንድ እፍኝ ጨመሩ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ምራቂ ሲጨመር ማን ልብ ይላል? በኋላ ስጠይቃቸው ነገሩን እንዴት እንዳሰቡት አስረዱኝ። ሻጯ አንቺ ነሽ ብለውኛል፣ ሚዛኑንም ለእኔ ትተዋል፣ ታዲያ ሻጭ ከሆንኩ የሻጭ ወግ ላጉድል? ሥሥታም ሻጭ ልባል? እስቲ አሁን ይህ ምን ይወጣለታል?

በሩ ላይ ደረስን። ፌስታሉ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ማሽኗ ቀይ በራባት፣ ጮኸች። ቀጥላ «ያልተጣጣመ ግብይት። እባክዎ ባሉበት ይቆዩ» አለች። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጥበቃው መጥቶ በሩን ዘጋና ፌስታሉን ከእጃቸው ወሰደ። ሰልፉ ውስጥ ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ነበሩ፤ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ስትስብ አየኋት።

ናትናኤል ፈገግ እያለ ደረሰ። አይጨነቁ እናቴ፣ ትንሽ ያልተጣጣመ ግብይት ስለተከሰተ ነው አላቸው። እኔ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝና መጀመሪያ ጥበቃው ላይ ጮህኩ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። ሌባ እያልካቸው ነው ወይ አልኩት። በፍጹም፣ እኛ እንዲህ ያለ ቃል አንጠቀምም አለኝ። እንግዲያው ሌባ አይደሉም በላ አልኩት። እሱንም ማለት አልችልም ጋሼ፣ ሲስተሙ መዝግቦታል አለኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር ፈገግታው ከፊቱ አልወረደም። በሕይወቴ ፈገግታ እንደዚያ ያስጠላኝ ቀን የለም።

እፍኟ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች። በሩም ተከፈተ። እትየ የሻረግ ግን ምስሩን ጥለውት ወጡ። በማግስቱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለየኔታ ላኩ። ስሜ ሳይነጻ የማርያምን ማኅበር ቤቴ አላስገባም፣ ሌላ ሰው ይደግሰው ብለው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእትየ የሻረግ ስም ግን መቃብር ሳይደርስ አንበሳሜ ደረሰ። ከቤታችን ሲነሳ አንድ እፍኝ ምስር ነበር፤ መናኸሪያው ጋ አንድ ኪሎ ሆነ፤ አንበሳሜ ገበያ ሲገባ፣ ደብረ ታቦር አንዲት አሮጊት ጀሪካን ዘይት በቀሚሳቸው ሥር ይዘው ሲወጡ ማሽን ያዛቸው ተባለ። ጀሪካን በቀሚስ ሥር! የእትየ የሻረግን ቁመት ያየ ሰው ይፍረድ።

ሄጄ ላጽናናቸው ሞከርኩ። ሌባ ያላቸው እንደሌለ፣ ናትናኤልም በአፉ እንዳልተናገረው አስረዳሁ። የባሰ ተቆጡ።

«እሱ አይደል ያቃጠለኝ» አሉ። «ሌባ ቢለኝ ምየ እነጻ ነበር። አላልሁሽም ይለኛል። ያልተባልሁትን በምን እምላለሁ? ማርያምን አልተጣጣምሁም ልበል?»

ድሮ ከብት ሲጠፋ ባላገሩ አውጫጪኝ ይቀመጥ ነበር። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የጠፋው ምን እንደሆነ በስሙ ይጠራል፣ የተጠረጠረው በስሙ ይጠራል፣ ይማላል፣ ይነጻል ወይም ይከፍላል። ሥራ ያስፈታል፣ ያንገላታል፣ አልክድም። ነገር ግን ገብቶ የሚወጣበት በር ነበረው። ይህ የእነ ናትናኤል አማርኛ መግቢያ አለው፣ መውጫ የለውም። ስድብ ሳይሰድብህ ያዋርድሃል፤ ይቅርታ ጠይቀኝ ስትለው ምን አልኩህ ይልሃል። ከዚህ የበለጠ ግፍ የት አለ?

የኔታ ጽዋውን ለሌላ ሰው አልሰጡም። ማርያም እስክትደርስ ታገሱኝ ብለው እኔንና አንድ ጎረቤት አስከትለው ወደ ሱቁ ሄዱ። ማሽኗ «እንኳን ደህና መጡ» አለቻቸው። የኔታ መለሱላት። ያኔም ቢሆን ሰላምታ አልነፈጓትም።

ናትናኤል ሦስት ወንበር አስመጥቶ ተቀበለን። ለተፈጠረው መጉላላት ድርጅታችን ከልብ ያዝናል ሲል ጀመረ። የኔታ ማን ፈጠረው አሉት። የተፈጠረው እንዲያው በሁኔታዎች ነው አለ። ፈጣሪስ አንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ጨለማና ብርሃን ለየ እንጂ መጉላላት አልፈጠረም፤ ይህን የፈጠርኸው አንተ ትሆን እንዴ ብለው በእርጋታ ጠየቁት። ልጁን ላብ አጠመቀው። የኔታ አልተዉትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትየ የሻረግ ቤት እንደምትመጣ፣ ስታዝን ደግሞ ድርጅትህ ሳይሆን አንተ እንደምታዝን ንገረኝ አሉት። እሺ አለ። ለአገሩ እንግዳ ቢሆንም ሽማግሌን እምቢ ማለት አያውቅም፤ አለማወቁ ነው ያዳነው።

እሑድ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እትየ የሻረግ ቤት ተሰብስቧል። ናትናኤል ደረቱ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አንስቷታል፤ ያለ እሷ ሲታይ ልጅ ነው። ቆሞ የለመደውን ሊጀምር ሲል እትየ የሻረግ በእጃቸው አስቆሙት።

«ያን ዕለት በልብህ ምን አልኸኝ?»

እጁ ጽሑፏ ወደነበረችበት ወደ ደረቱ ሄደ።

«በልብህ ያልኸውን በአፍህ በለውና እንገላገል፣ ልጀ። ሳትለኝ ምኑን ይቅር እልሃለሁ?»

ወደ የኔታ አየ። የኔታ ወደ መሬት ያያሉ። ወደ እኔ አየ፤ እኔ እንኳ ልረዳው አልፈለግኩም። ሊናገር ያለው ቃል አፉ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ይመስል ነበር።

«ሌባ ናቸው ብዬ ነበር» አለ። «በልቤ፣ ሌባ ናቸው ብዬ ነበር።»

እትየ የሻረግ ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«ተመስገን» አሉ። «ማርያምን አልሰረቅሁም። ምራቂ ነው የጨመርሁ።»

ናትናኤል አልሰረቁም፣ የበደልኩ እኔ ነኝ አለና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው አነሱት። የኔታ መረቁ፣ ጽዋው ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ማርያም ዕለት ማኅበሩ እዚያው ተቀመጠ። ምስሩ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ነበር። ናትናኤልም ተጠርቶ መጣና ደህና አድርጎ በላ። እኔ እንኳ ወጥ ጨመርኩለት።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ያምርልኝ ነበር። ትምህርቱም ቀላል ነው፦ እውነቱን ተናገር፣ ትከበራለህ። ለተማሪዎቼ ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት ይህንኑ አይደል?

ቆዩ እንጂ። ከጎረቤት አንዱ ያን እሑድ በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። ቀረጻው እጅ ከእጅ ሲቀባበል ባሕር ዳር ዋናው ቢሮ ደረሰ። እነሱ ያዩት ጉልበት ላይ መውደቁን አይደለም፣ ይቅርታውን አይደለም። የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። የድርጅታችን ኃላፊ ደንበኛን በአደባባይ ሌባ አለ።

ማሽኗን ማንም አልነካትም። መጀመሪያ የጮኸችው እሷ፣ ሰው የሰበሰበችው እሷ። «ሌባ» ብሎ ይቅርታ የጠየቀው ጥፋተኛ ሆነ፣ «ያልተጣጣመ» ያለችው እስከ ዛሬ በሩ ላይ ቆማለች። በዚያ ሳልፍ «እንኳን ደህና መጡ» ትለኛለች። እኔ እንደ የኔታ አይደለሁም፣ አልመልስላትም። ሰላምታ ነፍጌ አላውቅም ነበር፣ ይህንንም አስለመዱኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትየ የሻረግ ቤት ተቀምጠን ሳለ ናትናኤል ሻንጣውን ይዞ ገባ። ባሕር ዳር ደውለውለት ነበር። ከእኛ ጋር የነበረህ ጉዞ ተጠናቋል፣ በቀጣይ ጉዞህ መልካሙን እንመኝልሃለን አሉት። እሱ ግራ ገብቶታል። ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊያዛውሩኝ ይሆን? ሰኞ የት ልግባ? ያን ሁሉ ጊዜ ያን አማርኛ ለሰው ሲናገር የኖረ ልጅ፣ ዛሬ ለራሱ ሲነገረው አልገባውም። መናገር አስተምረውት መስማት አላስተማሩትም።

እትየ የሻረግ በጥሞና አዳመጡት። የሱቁን ቁልፍ ተቀብለውህ እንደሆነ ጠየቁት። ተቀብለውኛል አለ። በቦታህ ሰው ገብቷል? ገብቷል አለ።

«እንግዲያው አባረውሃል፣ ልጀ።»

«አባረውኛል» አለ። ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ንዴቴ መጣ፤ በእሱ ላይ ሳይሆን ስለ እሱ። የት ወስጄ እንደማወርደው አላውቅም፤ ደውለው የሚያባርሩ ሰዎች ፊት የላቸውም።

እትየ የሻረግ ንዴት ላይ ጊዜ አላጠፉም። ምሳ አበሉት። ሲነሳ ለመንገዱ ቆሎ በጣሳ ሰፍረው፣ በመዳፋቸው ልክ አድርገው፣ ፌስታሉ ውስጥ ገለበጡለት። ሊያስረው ሲል እጃቸውን ወደ ቁናው መልሰው አንድ እፍኝ ጨመሩ። ልጁ ደንግጦ ቀና አለ።

«ምራቂው ነው» አሉት። «ያዝ፣ አትፍራ። እዚህ ቤት የሚጮኽ የለም።»